ስለ ጎማ ነፋስ ልክ፤ ለተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊዎች፣ ለመናኸሪያ አስተዳዳሪዎችና ለነዳጅ ማደያ ባለፈቃዶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ኃላፊዎች፤
ለተከበራችሁ የመንገድ ደኅንነት ሹማምንትና የመናኸሪያ አስተዳዳሪዎች፤
ለተከበራችሁ የነዳጅ ማደያ ባለፈቃዶች፤

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ መኪናችንን በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ስናቀርብ ደጋግሜ የታዘብሁት አንድ ጉድለት ነው፤ ይኸውም ፍሬኑ ተፈትኖ፣ መብራቱ በርቶና ጠፍቶ ታይቶ፣ መሪው ተነቅንቆ፣ የጎማው ጥርስ በዓይን ተመርምሮ ካበቃ በኋላ፣ መኪናውንና በውስጡ ያሉትን ነፍሳት ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደው ነፋስ ስንት እንደ ሆነ ማንም ሳይጠይቅ «አልፏል» ተብሎ ወረቀቱ መሰጠቱ ነው። እኔ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁት ስፍራ ብቻ ነው፤ ነፋሱን በእውነተኛ መለኪያ የሚለካ የምርመራ ጣቢያ በሌላ ስፍራ ካለ ምስጋና ይገባዋል፤ ለሌሎቹም አብነት እንዲሆን እመኛለሁ።

ብዙ ሰው መኪናን የሚሸከመው ላስቲኩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ላስቲኩና በውስጡ የተሸመነው ክርና ሽቦ ነፋሱን አቅፈው ይይዙታል እንጂ ክብደቱን የሚሸከመው በውስጡ ተጨምቆ የታሰረው ነፋስ ነው። 1,200 ኪሎ የሚመዝን አንድ የቤት አውቶሞቢል በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 300 ኪሎ ሲጥል፣ የጎማውም ነፋስ 32 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ጫና መስፈሪያ) ቢሆን፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፍራ በግምት 130 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም ያልበለጠ ነው። በጠመዝማዛው መንገድ የሚያዞረን፣ በክረምት ጭቃና ዝናብ ከመንሸራተት የሚጠብቀን፣ ሕፃን ልጅ ድንገት ወደ አስፋልቱ ሲገባ የሚያቆመን አራት መዳፍ የሚያህል የመሬትና የላስቲክ ግንኙነት ብቻ ነው፤ የዚህም ስፍራ ስፋትና ቅርጽ የሚወሰነው በነፋሱ ልክ ነው።

ነፋሱ ሲጎድል ጎማው ወደ ታች ይተኛል፤ ጎኑም በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድ አውቶሞቢል ይህ መታጠፍና መዘርጋት በየሴኮንዱ ከአሥር ጊዜ በላይ ይፈጸማል፤ ከዚህም ድካም ሙቀት ይወለዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከክሩና ከሽቦው ጋር ያጣበቀውን ትስስር ጥቂት በጥቂት እያላላ ይሄድና፣ አንድ ቀን፣ ምናልባትም መኪናው ሙሉ ሰው ጭኖ ቁልቁለት በሚወርድበት ሰዓት፣ ጥርሱ ያለበት ንጣፍ ከአካሉ ይላቀቃል ወይም ጎኑ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ «ጎማ ፈንድቶ ነው» ሲባል እንሰማለን፤ ሰሚውም ከሰማይ እንደ ወረደ መቅሠፍት ቈጥሮት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ጎማው ስለ ምን ፈነዳ፣ በዚያ ጧት ነፋሱ ስንት ነበር፣ የለካውስ ማን ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ግን ሳይነሡ ይቀራሉ። እኔ ደግሞ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ ሊለካ የሚችልን ነገር ሳንለካ ቀርተን ውጤቱን የእግዚአብሔር ቁጣ ስንለው፣ በማይገባው ነገር ፈጣሪን እንከስሳለን ብዬ አምናለሁና።

ሞት የማያደርሰውም ጉድለት ቢሆን ከኪስ ይወስዳል። ነፋስ ያነሰው ጎማ በሁለቱ ጠርዞቹ ይበላል፤ መካከሉ ገና ጥርስ እያለው ዳርና ዳሩ ሊሾ ይሆናል፤ በዚህ ዘመን የአንድ ጎማ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የአራቱ ጎማ ነፋስ በአማካይ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ባነሰ ቍጥር ከ100 ሊትር ቤንዚን 0.2 ሊትር ያህል በከንቱ እንደሚነድ በአሜሪካ የኃይል መሥሪያ ቤት ተገምቷል፤ ይህ ለአንድ ሰው ጥቂት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ የታክሲ ባለቤትና ነዳጁን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ግን ጥቂት አይደለም። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማም በበኩሉ መካከሉ ይበላል፣ መሬት የሚይዝበት ስፍራ ይጠባል፣ ጉድጓድም ሲመታ በቀላሉ ይቀደዳል። ስለዚህ የምንፈልገው ብዙ ነፋስ ሳይሆን ልኩን የጠበቀ ነፋስ ነው።

ልኩስ ስንት ነው? የመኪናው ሠሪ ይህን ቍጥር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በነዳጅ መክደኛው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጽፎ ለጥፎታል፤ ለብዙዎቹ የቤት አውቶሞቢሎች ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ይሆናል፤ የፊቱና የኋላውም፣ የባዶውና የጭነቱም ልክ ብዙ ጊዜ ይለያያል። በጎማው ጎን ላይ በጎላ ፊደል የተቀረጸው ትልቁ ቍጥር ግን ጎማው ሊታገሠው የሚችለው የመጨረሻ ወሰን እንጂ የመኪናው ልክ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ያን ቍጥር እያነበበ የሚያስሞላ ስንት ሰው እንዳለ በየጎሚስታው ደጅ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። በሩ ላይ ያለውንም ቢሆን አንብቦ ለመረዳት ችግር አለ፤ ከአውሮፓ የመጣው መኪና በባር ይናገራል፣ ከቻይና የመጣው በኪሎ ፓስካል፣ ከአሜሪካ የመጣው በፒ.ኤስ.አይ.፤ ቋንቋውም እንደ አገሩ ነው። 2.2 ባርም፣ 220 ኪሎ ፓስካልም፣ 32 ፒ.ኤስ.አይ.ም አንድ ልክ መሆኑን ያልተነገረው ሹፌር ሦስት ልዩ ልዩ ትእዛዝ የተሰጠው ይመስለዋል፤ በመጨረሻም ሰሌዳውን ትቶ «ሠላሳ አምስት አርገው» ይላል፤ ለትንሿ ቪትዝም፣ ሰውና ዕቃ ለተጫነበት ሚኒባስም መልሱ አንድ ይሆናል።

አሁን ወደ መለኪያው ልምጣ፤ ቅሬታዬ ከሁሉ ይልቅ የሚጸናው በዚህ ላይ ነውና። ነዳጅ ማደያ ገብተን ስንቀዳ የማሽኑ ቍጥር ትክክለኛ መሆኑን የሚቈጣጠር ሕግና ባለሥልጣን አለ፤ ከአንድ ሊትር ላይ ጥቂት ብትጐድል ሰው ይጮኻል፣ ጩኸቱም ተገቢ ነው። ከዚያው ማሽን ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የተሰቀለው የነፋስ ቧንቧ ግን ወይ አይሠራም፣ ወይ መለኪያው መስተዋቱ ተሰብሮ መርፌው ቆሟል፣ ወይም የሚያሳየው ቍጥር ከማን ጋር ተመሳክሮ እንደ ጸደቀ የሚያውቅ የለም። በአንድ ጧት አንዱን ጎማ በአንድ ማደያ አስለክቼ፣ መንገድ ተሻግሮ ካለው ጎሚስታ ዘንድ ደግሜ ባስለካው፣ ሁለቱ መለኪያዎች በስድስት ፒ.ኤስ.አይ. ተለያዩ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ ምናልባትም ሁለቱም። በ32 የሚሄድ መኪና የስድስት ልዩነት ማለት ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ማለት ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው መለኪያ ባይኖር ይሻል ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ መለኪያ የሌለው ሰው ይጠራጠራል፣ ሐሰተኛ መለኪያ ያለው ግን ተማምኖ ይነዳል። ቅዱስ መጽሐፍ ሐሰተኛውን ሚዛን አጥብቆ እንደሚነቅፍ ሁላችን እናውቃለን፤ ፍትሐ ነገሥትን እየጠቀሱ ያደጉ አባቶቻችንም በገበያ የሚያታልለውን ነጋዴ አይምሩትም ነበር። የቅቤና የበርበሬ ሚዛን ተመርምሮ ማኅተም የሚያርፍበት ከሆነ፣ የሰው ሕይወት የሚመዘንበት ይህ መለኪያ ያለ ማኅተም መቅረቱ በምን ምክንያት ይሆን?

ይህን ስል በጎሚስታው ላይ ጣቴን እየቀሰርሁ አይደለም። ፀሐይና አቧራ ላይ ቆሞ፣ ክሪክ እያስገባ፣ ቸርኬ እየፈታ የሚውለው ወጣት መለኪያውን የገዛው ከገበያ ነው፤ ሲገዛውም ይህ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚያሳይበት ስፍራ አልተዘጋጀለትም። አንዳንዱ ደግሞ ከልምድ የተነሣ ጎማውን በብረት መታ አድርጎ ድምፁን በመስማት ይፈርዳል፤ ሹፌሩም በእግሩ ይረግጠዋል። ፍጹም የተነፈሰውን ጎማ በዚህ መንገድ መለየት ይቻላል፤ ነገር ግን 32ን ከ25 በጆሮ ወይም በእግር ለይቶ የሚያውቅ የሰው ልጅ የለም፤ የዛሬዎቹም ጎማዎች በጎናቸው ሲታዩ ደኅና መስለው ሩብ ያህል ነፋስ ሊጎድላቸው ይችላል። ይህ ወጣት እውነተኛ መለኪያ ቢሰጠው በእውነተኛ መለኪያ ይሠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ደጋና ስለ ቆላ ልናገር፤ ተራራና በረሃ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚገናኙባት አገራችን በዚህ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ያሻታልና። ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ማለት መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ ወይም ቆሞ ካደረ በኋላ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈውም ቍጥር ለቀዘቀዘ ጎማ የተሰጠ ልክ ነው። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከሰዓት በኋላ በ24 ዲግሪ ሙቀት 32 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ፣ በማግሥቱ ጧት ብርዱ ወደ 6 ዲግሪ ሲወርድ፣ አንዲት ቀዳዳ ሳትኖርበት ከ30 በታች ሆኖ ይገኛል። ደኅና የተባለ ጎማ ደግሞ በተፈጥሮው በወር አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይለቃል። ስለዚህ በመስከረም ተለክቶ እስከ ጥር ያልተነካ ጎማ ጎድሎታል ብሎ መናገር ትንቢት አይሻም።

አሁን የቁልቢ ገብርኤልን መንገድ አስቡልኝ። ለታኅሣሥ 19 በዓል ስለታቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ የሚነሡት ምእመናን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥተው፣ በአዳማ በኩል ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ቆላ ወርደው፣ ከዚያ ደግሞ በጭሮ በኩል ወደ ሐረርጌ ደጋ ይወጣሉ። ሚኒባሱ ከወትሮው ይልቅ ሞልቷል፤ በላዩ ላይ ሻንጣና ምንጣፍ ታስሯል። ሹፌሩ አዋሽ ላይ ቆሞ ጎማውን በእጁ ሲነካው ያቃጥላል፤ ቢያስለካውም ከአዲስ አበባ በ32 የተነሣውን ወደ 36 ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ያን ጊዜ፣ በዚህ ሙቀት እንዳይፈነዳብኝ ጥቂት ላስተንፍሰው ይላል፤ ከጓደኞቹም የሚሰማው ምክር ይኸው ነው። ጎማውንም ወደ 32 ያወርደዋል፤ ልቡም ያርፋል። ነገር ግን ያ ጎማ ደጋ ወጥቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከ29 በታች ሆኖ ያድራል፤ በማግሥቱም ሰዉን ሁሉ ጭኖ ወደ ቆላው የሚመለሰው በዚህ ነፋስ ነው። ነፋሱ ስላነሰ ጎማው ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ስለ ታጠፈም ይበልጥ ይሞቃል፤ ሹፌሩም ይበልጥ ሲሞቅ ቢያገኘው ዳግመኛ ያስተነፍሰዋል። ከፍንዳታ ለመሸሽ ብሎ ወደ ፍንዳታ ይሮጣል። ሠሪው በሰሌዳው ላይ ቍጥሩን ሲጽፍ ጎማ በጉዞ እንደሚሞቅና ነፋሱም እንደሚጨምር አስቀድሞ አስቦበታል፤ የሞቀን ጎማ ማስተንፈስ ክልክል መሆኑ በየመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ለሹፌሩ ማን ነገረው? መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ስለ መንገድ ምልክት ተጠይቋል፤ ስለዚህ ነገር ግን ተጠይቆ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

ከፍታውም የራሱ ሥራ አለው። በአዲስ አበባ ሰማይ ስር ያለው የከባቢ አየር ጫና 11 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ሲሆን በባሕር ጠረፍ 14.7 ነው፤ መለኪያ የሚያሳየው ደግሞ በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለ ሆነ፣ ያው ጎማ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ሙቀቱ ቢቀር እንኳ በከፍታው ብቻ ከሦስት በላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል። በጅቡቲ ጠረፍ በ40 ዲግሪ ሙቀት 120 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ የከባድ መኪና ጎማ በአዲስ አበባ ጧት በ15 ዲግሪ ብርድ ሲለካ 113 ገደማ ይሆናል። የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ይህን መንገድ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሱበታል፤ በኋላ እግር ጥንድ ጥንድ ሆነው ከታሰሩት ጎማዎች መካከል የውስጠኛው ደግሞ እጅ ለማስገባት ስለማይመች ከሁሉ ይልቅ የተረሳው እርሱ ነው። ከጥንዱ አንዱ ሲጎድል ሸክሙ ሁሉ በወንድሙ ላይ ይወድቃል፤ የመጀመሪያው በሙቀት ይደክማል፣ ሁለተኛው በክብደት።

በሌላው ዓለም ይህን ትምህርት በደም የተማሩት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፋየርስቶን የተባለው የጎማ ሠሪ በአብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪና ላይ የተገጠሙ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ፤ ጥርሳቸው እየተላቀቀ መኪኖቹ በመገልበጣቸው ሰው እየሞተ ነበርና፤ የጠፋው ነፍስም ኋላ ሲቈጠር ከ200 በላይ ሆነ። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ክርክር መካከል ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ የመኪናው ሠሪ 26 ፒ.ኤስ.አይ. ብሎ መምከሩ፣ የጎማው ሠሪ ደግሞ 30 ይሻል ነበር ማለቱ ነው፤ በሁለት ታላላቅ ድርጅቶች መካከል የአራት ቍጥር ልዩነት በምክር ቤት ፊት አከራከረ። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ፤ ከዚያም የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዚያች አገር የሚሸጥ አዲስ አውቶሞቢል ሁሉ የነፋስ ማነስን የሚያስታውቅ መብራት እንዲኖረው ተደነገገ፤ አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2014 ተከተለች። ይህ መብራት በብዙዎቻችን መኪና ላይ አለ፤ መካከሉ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ቢጫ ምስል ነው። ነገር ግን የአሜሪካው ሕግ የሚያስገድደው ነፋሱ ሩብ ያህል ሲጎድል እንዲበራ ስለ ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ መልእክተኛ ነው፤ ጎማ ውስጥ ያለው የጠቋሚው ባትሪም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቃል፤ አርጅቶ የመጣ መኪና ሲሆን መብራቱ ዘወትር በርቶ ይኖራልና ባለቤቱ ማየቱን ይተዋል።

አዲስ ነገር ደግሞ መጥቷል፤ በጊዜ እንድታስቡበት እለምናለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዶቻችን ላይ እየበዛ ነው። እነዚህ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከእኩዮቻቸው ይከብዳሉ፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ከፍ ያለ ነፋስ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ጊዜም ሰሌዳቸው በቻይንኛ የተጻፈ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤቶቻቸው ነዳጅ ማደያ አይሄዱም፤ ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ኃይል ሞልተው ጧት ይነሣሉ። እስከ ዛሬ ሰው ነፋሱን የሚያስታውሰው፣ ቢያስታውስም ነው፣ ለነዳጅ ሲቆም ነበር፤ ይህች ቀጭን ልማድ እንኳ ከነዳጁ ጋር ልትቀር ነው። በየኃይል መሙያው ጣቢያ የነፋስ ቧንቧ ከአሁኑ ካልተተከለ በኋላ ለማስገባት ይከብዳል።

ጊዜና ገንዘብ ከየት ይምጣ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አራት ጎማ ለመለካት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ጥሩ የእጅ መለኪያም ከመኪና ምርመራ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ነው። «ወደ ምርመራ የሚመጣው መኪና ተነድቶ ስለሚመጣ ጎማው ሞቋል፤ ስለዚህ ልኬቱ አያስተማምንም» የሚል መልስ ከባለሙያ ሰምቻለሁ። መልሱ እውነት አለው፤ ሥራውን ግን አያስቀርም። ሞቆ እንኳ ከሰሌዳው ልክ በታች የተገኘ ጎማ ያለ አንዳች ጥርጥር ጎድሎታልና፣ ቢያንስ እርሱን አስሞልቶ እንዲመለስ ማዘዝ ይቻላል። ናይትሮጅን እንሙላ የሚሉም አሉ፤ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ እውነተኛ መለኪያ ሳይኖር በዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የምርመራ ኃላፊዎች ሆይ፣ የነፋስ ልኬት በዓመታዊው ምርመራ ቅጽ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ የስኮርታውም ጎማ አብሮ ይለካ፤ ወደ አገር የሚገባ መኪና ሁሉ የነፋሱን ልክ በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ በአንድ ዐይነት መለኪያ ጽፎ በሹፌሩ በር ላይ የሚለጥፍ ሥርዓት ይደንገግ፤ መንጃ ፈቃድ ፈላጊውም ቀዝቃዛ ልክ ምን እንደ ሆነና የሞቀ ጎማ ለምን እንደማይተነፈስ ይጠየቅ። የማደያ ባለፈቃዶች ሆይ፣ የሚሠራ ቧንቧና ከሥነ ልክ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበት መለኪያ በየማደያችሁ ይኑር፤ ጎሚስታውም ወደ እናንተ መጥቶ የራሱን መለኪያ ከእናንተው ጋር እንዲያስተያይ በሩ ክፍት ይሁንለት። ፈቃድ የምትሰጡ ሹማምንትም ይህን የፈቃዱ ግዴታ አድርጉት፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ የቆመ ነገር ቧንቧው በተሰበረ ዕለት አብሮ ይወድቃልና። በቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከመገባቱ በፊትም መኪናውን ዳር አቁሞ ነፋስ የሚለካበትና የሚሞላበት ስፍራ ይዘጋጅ፤ ረጅም ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት የሚነዳበት መንገድ ለጎደለ ጎማ ፈተናው ነው።

የመናኸሪያ አስተዳዳሪዎችን ለብቻ የምለምነው ነገር አለኝ። አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ሌሊቱን ቆመው አድረው ገና ጎሕ ሳይቀድ ለጉዞ የሚሰለፉበት ያ ሰዓት፣ ጎማዎቹ ፍጹም ቀዝቅዘው የሚገኙበት፣ ልኬቱም ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ተሳፋሪው ዕቃውን እስኪጭን፣ ረዳቱ ሒሳብ እስኪሰበስብ ድረስ አንድ ሠራተኛ መለኪያና መብራት ይዞ በየመኪናው ዙሪያ ቢሄድ፣ የውስጠኛውንም ጥንድ ጎማ ሳይዘነጋ ቍጥሩን በመውጫው ወረቀት ላይ ቢጽፍ፣ የጎደለውም ሳይሞላ በሩ ባይከፈትለት፣ ይህን ለመጀመር አዲስ ሕግም ሆነ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ የእናንተ ትእዛዝ ይበቃል። ሌላው ጥያቄዬ ጊዜ ቢወስድ እታገሣለሁ፤ ይህኛው ግን ከመጪው የታኅሣሥ 19 በዓል አስቀድሞ ወደ ምሥራቅ ተጓዦችን በሚያሳፍሩት የአዲስ አበባ መናኸሪያዎች እንዲጀመር፣ ውሳኔያችሁንም ለሕዝብ እንድታስታውቁ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፤ መልሳችሁንም እጠባበቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪና አሽከርካሪ